«ልብ በሉ»፦ የኤድጋር አለን ፖን አስፈሪ ታሪክ ወደ 7 ደቂቃ የሙከራ ፊልም ለመለወጥ

የመጀመሪያው ሙከራዬ 22 ደቂቃ ነበር። ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ቀረጽኩት። ሽማግሌ ነበሩ፣ ገዳይ ነበር፣ ሦስት ፖሊሶች ነበሩ፣ የቀይ ሥር ጭማቂ እንደ ደም ፈሰሰ። ጓደኞቼን ሰብስቤ አሳየኋቸው። አንደኛው ፖሊስ ሲገባ ሰው ሳቀ። ኮፍያው ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይፍራ? ሲያልቅ አንዷ «ታሪኩ ግን አሪፍ ነው» አለችኝ። ስለ ፊልሙ ምንም አላለችም።

በሁለተኛው ሙከራ ፖሊሶቹን አሰናበትኩ። የሽማግሌውን ፊት ከፊልሙ አወጣሁ። ደሙንም ደፋሁ። 7 ደቂቃ ቀረ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ከዚህ በታች የምታነቡት ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የደረስኩበትን መንገድ ነው። ስልክ፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰውና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

ታሪኩ አሜሪካዊው ደራሲ ፖ በጥር 1843 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ያሳተመው ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን «ተናጋሪው ልብ» ማለት ይቻላል። እኔ ግን «አሳባቂው ልብ» እለዋለሁ። ይህ ልብ ዝም ብሎ አይናገርም፤ ያሳብቃል።

ላላነበበው ባጭሩ ይህ ነው። ስሙን የማይነግረን ተራኪ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይኖራል። እብድ አይደለሁም ይላል፤ ሕመሙ እንዲያውም ጆሮዬን አስልቶታል ይላል። ሽማግሌውን ይወዳቸዋል። አንድ ዓይናቸውን ግን ማየት አይችልም። ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፣ ስስ ነገር ጋርዶታል፣ የአሞራ ዓይን ይመስላል። ሰባት ሌሊት በሩን ገርበብ አድርጎ በቀጭን የፋኖስ ጨረር ያያቸዋል፤ ዓይኑ ተከድኗል። በስምንተኛው ሌሊት ተከፍቶ ያገኘዋል። የልብ ምት ይሰማል። ይገድላቸውና ሬሳውን ከወለሉ ጣውላ ሥር ይደብቃል። ፖሊሶች ይመጣሉ። ወንበር ያቀርብላቸዋል፤ የራሱን ወንበር ልክ ከሬሳው በላይ ያደርገዋል። ከጣውላው ሥር ልብ መምታት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ራሱ ጮኾ ያምናል።

1. መብቱን አጣሩ

ፖ በ1849 ነው የሞተው። ሥራዎቹን ማንም ሳይጠይቅ መጠቀም ይችላል። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእስራኤል 70 ዓመት ነው። ሌላ ታሪክ ከመረጣችሁ ደራሲው የሞተበትን ዓመት መጀመሪያ ፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትርጉሙ ላይ ነው። ፖ ነጻ ነው ማለት የፖ የአማርኛ ትርጉም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ትርጉሙ የተርጓሚው ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ተርጉሙ። ደግሞም፣ በኋላ እንደምነግራችሁ፣ ትርጉሙ ራሱ ግማሽ ዳይሬክቲንግ ነው።

ነገሩን ቀልድ ለሚያደርግ አንድ ምሳሌ። በ1922 ጀርመን ውስጥ «ኖስፌራቱ» የተባለው ፊልም ሲሠራ የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ስም ቀያይሮ ያለ ፈቃድ ነበር የወሰደው። ስቶከር ከሞተ ገና 10 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ከሰሰች። በ1925 ፍርድ ቤት የፊልሙ ቅጂዎች እንዲጠፉ አዘዘ። ዛሬ የምናየው አንዳንድ ቅጂዎች ስላመለጡ ብቻ ነው።

2. ታሪኩ በየትኛው የስሜት ሕዋስ ነው የሚኖረው?

ሦስት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ ለራሳችሁ። ቀጥሎ ጮክ ብላችሁ፣ በስልክ እየቀዳችሁ። ሦስተኛውን ጊዜ አታነቡም። መብራት አጥፍታችሁ ቅጂውን ታዳምጣላችሁ። ከዚያ የሰማችሁትን ብቻ በወረቀት ጻፉ።

የእኔ ዝርዝር ይህ ነበር፦ የበር ማጠፊያ። በፋኖሱ ቆርቆሮ ላይ የተንሸራተተ አውራ ጣት። «ማነው?» የሚል ድምፅ። ማቃሰት። በግድግዳ ውስጥ የሚያንኳኳ ጥንዚዛ። በጥጥ የተጠቀለለ ሰዓት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። አንድ ጩኸት። ደወል። የበር መንኳኳት። የወንበር ሲጢጥታ። የጆሮ ጭው ማለት። ልብ።

ወረቀቱን ሳየው የመጀመሪያው ፊልሜ ለምን እንደከሸፈ ገባኝ። ሁላችንም ወደ ዓይኑ ነው የምንሮጠው፤ ዓይኑ ግን ሰበብ ነው። ታሪኩ የሚኖረው ጆሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ የማይሰማ ነገር ይውጣ። የሬሳው መቆራረጥ ወጣ። ፖ ራሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው፤ እኛ አምስት ደቂቃ የምንሰጠው ለምንድን ነው?

ለሌላ ታሪክም ይኸው ጥያቄ ይሠራል። ፖ በ1842 ባሳተማቸው ሁለት ታሪኮች ሞክሩት። «የቀይ ሞት ጭምብል» በቀለም ይኖራል፤ ሰባት ክፍል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቀለም። «ጉድጓዱና ፔንዱለሙ» ደግሞ ቆዳ ላይ ነው፤ ጨለማን በእጅ መዳሰስ፣ የሚወርድ ስለት፣ አይጦች።

3. ከእናንተ በፊት የሠሩትን እዩ፤ ግን አሁን ነው እንጂ ቀድሞ አይደለም

ሕጋችሁን ሳታወጡ የሌላ ሰው ፊልም ካያችሁ ያያችሁትን ትቀዳላችሁ። አሁን ግን እዩ።

በ1928 «የአሸር ቤት ውድቀት» የተባለው የፖ ታሪክ ሁለት ጊዜ ፊልም ሆነ። አንዱን የሠሩት ጄምስ ሲብሊ ዋትሰንና ሜልቪል ዌበር በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ነው። ዋትሰን ሕክምና የተማረ ሰው ነበር፤ የሆሊውድ ሰው አልነበረም። ፊልሙ 13 ደቂቃ ነው፣ ድምፅ አልባ። ምስል በምስል ላይ ደራርበዋል፤ በፕሪዝም ሰንጥቀዋል። ታሪኩን የሚያስረዳ ጽሑፍ አላስገቡም። ይልቅ ፊደላት ራሳቸው በአየር ላይ እንዲንሳፈፉ አደረጉ። ያን ዓመት በፈረንሳይ ዣን ኤፕስታይን ያንኑ ታሪክ ከአንድ ሰዓት በላይ አድርጎ፣ አንዳንዱን ቦታ በዝግታ በሚንቀሳቀስ ምስል ሠራው። በ1980 ደግሞ ቼኩ ያን ሽቫንክማየር አንድም ተዋናይ ሳያስገባ ሠራው። ድምፅ ያነባል፤ ወንበር፣ ጭቃና ግድግዳ ይንቀሳቀሳሉ።

የእኛው «አሳባቂው ልብ» በ1953 የ8 ደቂቃ አኒሜሽን ሆኗል። ተራኪው ጄምስ ሜሰን ነው። የእንግሊዝ የፊልም ቁጥጥር ለአዋቂዎች ብቻ ብሎ የፈረጀው የመጀመሪያው ካርቱን ነው። ገዳዩን አናየውም ማለት ይቻላል፤ በዓይኑ ነው የምናየው።

ሁሉንም ስታዩ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። የጣሉት ከያዙት ይበልጣል።

4. ወደ አማርኛ፦ ፊልሙ እዚህ ነው የሚወለደው

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ትርጉሜ እንዲህ ይጀምር ነበር። «ሽማግሌውን እወደው ነበር። በድሎኝ አያውቅም።» ስህተት የለበትም። ግን አብሮት የሚኖርን ሽማግሌ «እሱ» የሚል ማነው? እንደገና ጻፍኩት። «እወዳቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ዓይናቸው ነው። አዎ፣ ዓይናቸው።» ጽፌ ራሴ ደነገጥኩ። ሰውዬው በአክብሮት ነው የሚገድለው! «እንቅልፋቸውን እንዳልረብሽ በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁ» ሲል የጎረቤት ልጅ ይመስላል። ይህን እንግሊዝኛው አያውቀውም። የእኛ ሀብት ነው።

ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። እስከ ስምንተኛው ሌሊት «እሳቸው» ነው። ከግድያው በኋላ አክብሮቱ በአንድ ግሥ ብቻ ይውረድ፦ «ሦስት ጣውላ ነቀልኩ። አስገባሁት።» ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ። ፖሊሶቹ ሲመጡ አክብሮቱ ይመለሳል፤ አሁን ግን ውሸት ነው፦ «እሳቸው እንኳ የሉም፣ ገጠር ሄደዋል።» መጨረሻ ላይ ሲያምን «ልቡ ነው» ይበል «ልባቸው ነው»? ሁለቱንም ቀዳሁ። «ልባቸው ነው የሚመታው!» ሲል ነው ፀጉሬ የቆመው።

ሁለተኛው ጥያቄ ተራኪው ማንን ነው የሚያናግረው የሚለው ነው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብሎ ያልፋል። እኛ መምረጥ አለብን። «እርስዎ» ካለ ሐኪም ወይም ዳኛ ፊት ተቀምጧል። «አንቺ» ካለ ሌላ ፊልም ነው፤ እሱንም አንድ ሰው ቢሠራው ደስ ይለኛል። እኔ «እናንተ»ን መረጥኩ። ምክንያቱም ፖሊሶቹም «እናንተ» ናቸው። ተራኪው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተመልካቹን «እናንተ» ሲል ይቆይና በመጨረሻ «አታስመስሉ!» ብሎ ሲጮህ ጩኸቱ ተመልካቹ ላይ ያርፋል። ፖሊስ ማሳየት ያላስፈለገኝ ለዚህ ነው።

እስካሁን ተራኪውን «እሱ» ያልኩት በልማድ ነው። ፖ ወንድ ይሁን ሴት በግልጽ አይናገርም። አማርኛም በ«እኔ» ሲናገር ፆታ አይለይም። «ገደልኩ» ያለው ማንም ሊሆን ይችላል። የድምፅ ተዋናይ ስትመርጡ ሴትም ፈትኑ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ዓይኑ ነው። ፖ «ክፉ ዓይን» ይለዋል። በአማርኛ እንዲህ ካላችሁ የእኛ ሰው ወዲያው «ቡዳ ናቸው ማለት ነው» ይላል። አለቀ። ገዳዩ ምክንያት አገኘ። የታሪኩ አስፈሪነት ግን ምክንያት አለመኖሩ ነው። በዚያ ላይ በቡዳ ስም ስንት ሰው ተገፍቷል። «ያ ዓይን» በሉትና እለፉ። በየሰፈሩ የዓይን ሞራ ያለባቸው አዛውንቶች አሉ፤ ፊልማችን እነሱን ማስፈራሪያ ማድረግ የለበትም። የሚያስፈራው የሚያየው ሰው ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ፖሊሶቹ በራፍ ላይ የሚደርሱት በአራት ሰዓት ነው ይላል እንግሊዝኛው፣ ገና ጨለማ ሳለ። ይህ ለእኛ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው። ቃል በቃል ተርጉማችሁ «አራት ሰዓት ላይ» ብትሉ ተመልካቹ ገና እራት የተበላበት ምሽት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ርእሱ። ተራኪው ደጋግሞ አድምጡኝ፣ አስተውሉ ይላል። በአማርኛ ምን እንላለን? «ልብ በሉ»። ልቡ እዚያው ተቀምጧል! አምስት ጊዜ አስገባሁት፤ በየጊዜው ትንሽ በርቀት፣ ትንሽ በሹክሹክታ።

ሌላም አለ። «ልብ» የሚለውን ሳታቋርጡ በፍጥነት በሉት። ልብልብልብልብል። ትንሽ ቆይቶ ጆሮ ይስታል፤ «ብል» ይሰማችኋል። ብል ልብስ ይበላል። ፖ ደግሞ ተራኪው በየሌሊቱ በግድግዳው ውስጥ የሚሰማው እንጨት የሚበላ ጥንዚዛ እንዳለ ጽፏል። በዚያ ዘመን ማንኳኳቱ የሞት ምልክት ነው ይባል ነበር። እነዋትሰን ፊደል በአየር ላይ ካንሳፈፉ እኔ ሁለት ፊደል ብቻ፣ «ል» እና «ብ»፣ በጥቁር ላይ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አድርጌ አንከባለልኳቸው። ተመልካቹ መቼ ልብ መቼ ብል እንደሚያነብ አያውቅም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከ450 ቃል አይብለጥ። 7 ደቂቃውን ሙሉ ማውራት የለበትም።

5. ድምፁ ከካሜራው ይቅደም

ሁሉንም ድምፅ ቀድታችሁ፣ ደርድራችሁ፣ 7 ደቂቃ የሚሞላ የሬዲዮ ድራማ የመሰለ ነገር ሳይኖራችሁ ካሜራ አታንሱ። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ይበቃል።

ልቡን እንዲህ ቀዱ። ርካሽ የሐኪም ማዳመጫ ግዙ። ጎማውን ከጆሮ ማዳመጫው ሥር ቁረጡትና ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ የደረት ማይክ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ። ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ከግራ ጡት ሥር አስጠግታችሁ ትንፋሽ ያዙ። አንዴ በእረፍት፣ አንዴ ደረጃ ወጥታችሁ ወርዳችሁ ቅዱ። የገዛ ልባችሁን በሄድፎን ስትሰሙ ፊልሙን ለምን እንደምትሠሩ ይገባችኋል።

አሁን መጥፎው ዜና። የልብ ድምፅ በጣም ወፍራም ነው፤ የስልክ ስፒከር አያወጣውም። ተመልካቻችሁ ደግሞ በስልክ ነው የሚያየው። የመጀመሪያውን ቅጂ ለአንድ ጓደኛዬ ልኬለት «የቱ ጋ ነው ልቡ?» አለኝ። መፍትሔው ከሥሩ ሌላ ድምፅ መደረብ ነው። በእያንዳንዱ ምት ላይ ጣውላ በጣት ጫፍ አንኳኩ፤ ወይም ወፍራም ጋቢ አጥፋችሁ በጡጫ ምቱ። ያ በስልክም ይሰማል። ለጥጡ ድምፅ ደግሞ የምር ሰዓት በጥጥ ጠቅልላችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡ፤ ፖ የጻፈው ልክ ነው።

ከበሮ ለልብ ምት መጠቀም ያምራችኋል። እኔም አምሮኝ ነበር። ከበሮ ግን ለእኛ ሰው ደስታም ማኅሌትም ይዞ ይመጣል፤ ሐሳቡ ወደዚያ ይሄዳል። በገናንም ተዉት። ከአውታሮቹ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣው ንዝረት ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን በጾም ለጸሎት የሚደረደር መሣሪያ ነው፤ የሙት ድምፅ ማድረግ ስንፍና ይመስለኛል።

ለዝምታ የተጠቀምኩት ፍሪጅ ነው። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ያልሰማነው የፍሪጅ እምምታ ድንገት ይቆምና ዝምታው ይሰማል። ያንን እምምታ 3 ደቂቃ ቀዱ። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ ሥር ሥሩን፣ ማንም ሳያስተውለው፣ ይሂድ። ዓይኑ የተከፈተበት ቅጽበት ላይ ቁረጡት። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ሰው ትንፋሹን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።

የምትቀዱበት ሰዓት ወሳኝ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ካላችሁ በክረምት አታስቡት። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ጸጥታ ያገኘሁት ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ እሱም ውሾቹ ከፈቀዱ።

6. ክፍሉና ጨረሩ

ፖ ከተማም አገርም አይጠራም። ስለዚህ የአሜሪካ ቤት አትፈልጉ። የጣውላ ወለል ያለው አንድ አሮጌ ክፍል በቂ ነው። ወለሉ ሊሾ ከሆነም ችግር የለም፤ ሦስት ጣውላ አምጥታችሁ በቅርበት ብቻ ቅረጹ።

ለፋኖሱ የእጅ ባትሪ ላይ ጥቁር ካርቶን ለጥፉና በምላጭ ጠባብ ስንጥቅ አውጡ። ጨረሩ በአየር ላይ እንዲታይ ጭስ ያስፈልጋል። ሰንደል ለኩሱ። ከሰል ግን በዝግ ክፍል አታስገቡ፤ የማይታየው ጋዙ ይገድላል፣ እሱ ፊልም አይደለም። ብርሃኑ ከካሜራው በተቃራኒ በኩል፣ ትንሽ ወደ ካሜራው ሲመጣ ጨረሩ እንደ ክር ይወጣል። ከካሜራው ጀርባ ካበራችሁት ምንም አታዩም።

የስልኩን ብርሃን መቆጣጠሪያ ቆልፉት። ካልቆለፋችሁት ስልኩ ጨለማውን ሊያበራላችሁ ይሞክርና ግራጫ ገንፎ ያደርገዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ። የኢትዮጵያ፣ የአውሮፓና የእስራኤል ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአምፖል ብልጭልጭታ አይመጣም። አሜሪካ ላላችሁ 60 ኸርዝ ነው፤ 1/60 አድርጉ።

7. ቀረጻ

ሁለት ሌሊት ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ ላውራ፤ ሌላውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

እጁ። ተራኪው የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ እንኳ ከእጄ ይፈጥን ነበር ይላል። እንዳለ ሥሩት። ስልኩን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ እንዲያነሳ አድርጉ። ፍሬሙ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ይኑር። ተዋናዩ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጁን አንድ ስንዝር ብቻ ያንቀሳቅስ። 240 ፎቶ ይወጣል፤ በ25 ፍሬም 9.6 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ይሮጣል፣ የሰንደሉ ጭስ ይራወጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይደርስም። የእኔ ተዋናይ ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ትከሻውን አመመው። ሻይ ጋብዙ።

ዓይኑ። የሚያስፈራ ሌንስ ሰው ዓይን ላይ አታድርጉ። እኔ ቆሮሶ ገዝቼ ቀቀልኩ። የዓሣ ዓይን ሲበስል ይነጣል። በጣም በቅርበት፣ በአንድ ጨረር ብቻ፣ ለ2 ሰከንድ። ማንም ዓሣ መሆኑን አላወቀም። በሌላ ሻት ደግሞ የሽማግሌውን እውነተኛ ዓይን፣ ጤነኛውን፣ በቀን ብርሃን አሳየሁ። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት የተራኪው ሕመም ነው። ዓሣውን በላነው።

ወንበሮቹ። ሦስት ባዶ ወንበሮች፣ ካሜራው ወለል ላይ። ፖሊሶቹን አናይም። የሲኒ ድምፅ፣ ሳቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚሰማ ታፍኖ የሚመጣ ጨዋታ። አንድ ሻት ደግሞ ከጣውላው ሥር ወደ ላይ ቅረጹ፤ ሁለት ወንበር መሃል ጣውላዎቹን ዘርግታችሁ ስልኩን ከሥር አጋድሙት። በስንጥቁ ብርሃን ይገባል። የጫማ ጥላ ያልፋል።

ምስል መሰንጠቅ ከፈለጋችሁ ፕሪዝም መግዛት የለባችሁም። የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ሌንሱ ፊት ያዙና ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ።

ግድያውን አልቀረጽኩትም። በታሪኩ አልጋው ነው ሽማግሌው ላይ የሚጎተተው፤ ሰው ላይ ፍራሽ መጫን ለቀልድም አይሆንም። ጥቁር ስክሪን፣ የአልጋ እግር ሲጎተት፣ አንድ ጩኸት። ለጩኸቱ ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። በፖ ታሪክ ፖሊስ የሚመጣው ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ስለጠቆመ ነው። እኛም ሳንናገር ቀርተን የግቢው ዘበኛ ዱላውን ይዞ መጣ።

8. በልብ ምት መቁረጥ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የፊልም ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነጻ ቅጂ አለው። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ አስገቡ፤ ምስሉ ሙሉ ጥቁር ይሁን። ከዚያ «እዚህ ጋ ማየት ግድ ነው» ያላችሁበት ላይ ብቻ ምስል አስቀምጡ። የእኔ ፊልም ውስጥ ወደ 2 ደቂቃ የሚጠጋው ጥቁር ሆኖ ቀረ። አልተጸጸትኩም።

ፍጥነቱን በሒሳብ ያዙት። በሰከንድ 25 ፍሬም ማለት በደቂቃ 1,500 ነው። ልብ በደቂቃ 75 ሲመታ አንዱ ምት 20 ፍሬም ይወስዳል። 100 ሲሆን 15 ፍሬም፣ 125 ሲሆን 12፣ 150 ሲሆን 10። የሽማግሌውን ክፍል በ20 ጀምሩ። ወንበሮቹ ላይ ከ15 ወደ 12 ውረዱ። 10ን ለመጨረሻዎቹ 20 ሰከንዶች ብቻ አስቀምጡት፤ ቀድማችሁ ካባከናችሁት የምትሄዱበት የለም።

ግን በእያንዳንዱ ምት ላይ አትቁረጡ። እኔ መጀመሪያ እንዲያ አድርጌ የሙዚቃ ክሊፕ ሆነብኝ። አንዳንዱን ምት ዝለሉ። አንዳንዱን ከምቱ ሁለት ፍሬም ቀድማችሁ ቁረጡ። ሰው ለምን እንዳልተመቸው ሳያውቅ አይመቸውም።

ምስል ለመደረብ አንዱን ከላይ አድርጋችሁ የብሌንድ ሞዱን (ሁለቱ ምስሎች የሚዋሃዱበትን ምርጫ) «ስክሪን» አድርጉት። ጥቁሩ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ይቀራል። የሰዓቱን ገጽ በዓይኑ ላይ እንዲህ ነው የደረብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሦስት ጊዜ ከሆነ ጌጥ ነው።

9. ከማውጣታችሁ በፊት

ለሦስት ሰው በሦስት መንገድ አሳዩ፤ በስልክ፣ በሄድፎን፣ በጨለማ ክፍል በትልቅ ስፒከር። ወደዳችሁት ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ስንት ሰዎች ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ካሉ ድምፁ ሠርቷል። «ማንም አልነበረም» ካሉ ወደ ድምፁ ተመለሱ።

በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ የፖን ስምና 1843ን አስገቡ። ሕግ ባያስገድድም የሰው ሥራ ነው።

የቀረው የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው፤ ውጭ አገር ያደጉ ልጆችም ፌስቲቫሎችም ይፈልጉታል። እዚህ ላይ እኔም ገና አልጨረስኩም። «አስገባሁት» የሚለው ላይ ያለው ውድቀት፣ ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ»፣ በእንግሊዝኛ ቦታ የለውም። መጀመሪያ በተጨማሪ ቃል ላስረዳ ሞከርኩ፤ ሞተ። ስለዚህ ያቺን አንዲት ቃል ሰብታይትል ሳልሰጣት ተውኳት። ባለፈው አንድ አሜሪካ ያደገ ዘመድ ከእናቱ ጋር አብሮ አየው። እናትየው እዚያ ላይ «ኧረ!» ብላ አፏን ያዘች። ልጁ ፊልሙን አቁሞ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላታል።